ከግድግዳው ማዶ የሚዘምሩት

ባለፈው ጥቅምት ሲያትል ውስጥ ሌክ ሲቲ በሚባል ሰፈር የምትኖር አንዲት የሥራ ባልደረባዬ ምሳ ጠርታኝ ሄጄ ነበር። አፓርትመንቷ አሮጌ ነው፤ ከመስኮቱ ሥር ወፍራም የብረት ማሞቂያ ተተክሏል። ዝናቡ ከጠዋት ጀምሮ አላቆመም። "ሶ፣ ሂተሩን ከበጋ ወዲህ ዛሬ ገና ኦን ላደርገው ነው። ትንሽ ይሸታል፣ ይቅርታ" አለችኝና ቁልፉን አዞረችው። ጥቂት ቆይቶ ብረቱ ውስጥ አንድ ነገር ቷ ቷ አለ። ከዚያ ወራት ሙሉ የተኛበት አቧራ መቃጠል ጀመረ። ሽታው ሲደርሰኝ በእጄ የያዝኩትን ሳህን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩት።

"ሀያት፣ አመመሽ እንዴ?" አለችኝ።

አላመመኝም። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሆኜ፣ ማውንት ቤከር በሚባለው የሲያትል ሰፈር ባለው ትምህርት ቤቴ ኮሪደር ውስጥ ጆሮዬን ግድግዳ ላይ ለጥፌ ቆሜ ነበር።

ነገሩ የሚጀምረው ግን ከእንግሊዝ አገር ነው። እኔ የተወለድኩት እዚያ ነው። አባቴ ሸምሱ የስልጤ ሰው ነው፤ እናቴም እንደዚሁ። ከቤታችን የሚቀርበው ትምህርት ቤት የቤተ ክርስቲያን ነበር። መንግሥት ገንዘቡን የሚከፍለው፣ የማንም ልጅ የሚማርበት፣ ግን ጠዋት ጠዋት ልጆቹ ሁሉ አዳራሽ ገብተው የሚዘምሩበትና የሚጸልዩበት ትምህርት ቤት ነው። በዚያ አገር የቤተ ክርስቲያን ያልሆነው የመንግሥት ትምህርት ቤትም ቢሆን በየቀኑ የጋራ ጸሎት እንዲኖረው ሕግ ያዘዋል። ያው ሕግ ደግሞ ወላጅ "ልጄ አትግባ" ብሎ ከጻፈ ልጁ ይቅር ይላል። አባቴ ጻፈ።

ሲጽፍ አጠገቡ ተቀምጬ ነበር። ጽፎ ጽፎ ሦስት ወረቀት ቀደደ።

"አባዬ፣ ብገባ ምን ያደርጉኛል?" አልኩት።

"ምንም አያደርጉሽም። ሰው ቤት ገብተሽ የሰው ጫማ አታጠልቂም አይደል? እንደዚያ ነው።"

ከዚያ ወዲያ ጠዋት ሌሎቹ ተሰልፈው አዳራሽ ሲገቡ እኔ ቤተ መጻሕፍት እላካለሁ። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ከአዳራሹ የሚለየው አንድ ግድግዳ ብቻ ነው። እዚያ ሁልጊዜ ቀድማኝ የምትቀመጥ ልጅ ነበረች፤ ስሟ ናኦሚ ይባላል። ናኦሚ ክርስቲያን ናት። ግን ቤተሰቦቿ ከራሳቸው ማኅበር ውጪ ካሉ ክርስቲያኖች ጋር አይጸልዩም፤ እነሱም ጽፈዋል። ይህ ለእኔ ፈጽሞ አይገባኝም ነበር። የሆነ ትልቅ ጥፋት አጥፍታ የተቀጣች ትመስለኝና እንዳላሳፍራት ብዬ አልጠይቃትም።

ሁለታችንም መጽሐፍ አናነብም። ጆሯችንን ግድግዳው ላይ እንለጥፋለን። መጀመሪያ የእግር ኮቴ ይሰማል፤ ቀጥሎ ፒያኖ፤ ከዚያ መዝሙሩ ይነሣል። በግድግዳ ውስጥ ሲያልፍ ቃሉ ይጠፋና ዜማው ብቻ ይቀራል፤ ውሃ ውስጥ ገብተው የሚዘምሩ ይመስላሉ። ናኦሚ መዝሙሮቹን ሁሉ በዜማቸው ታውቃቸዋለች። አፏን ግን አትከፍትም። ጣቶቿን ጉልበቷ ላይ ከፍ ዝቅ እያደረገች ትከተላቸዋለች። አንድ ዝግ ያለ መዝሙር ነበር፤ መጨረሻው ላይ ደረጃ እንደሚወጣ ሰው ቀስ እያለ ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ ይልና ወዲያው ይወርዳል። እሱ ሲመጣ ናኦሚ እጄን ትይዛለች፤ ከፍ የሚለው ቦታ ሲደርስ ትጨብጠኛለች።

ከገና በኋላ መቅረት ጀመረች። አንድ ሰሞን መጣች፤ ጭንቅላቷ ላይ የሱፍ ቆብ ነበር። "ይበርደኛል" አለችኝ። ክፍሉ ይሞቃል። ከዚያ ጨርሳ ቀረች።

አንድ ጠዋት ብቻዬን ግድግዳውን ተደግፌ እያለሁ የዋና መምህሩ ድምፅ ስሟን ሲጠራ ሰማሁ። ናኦሚ አለ፤ ሌላውን አልሰማሁትም። ከዚያ ዝም ሆነ። የምላችሁ ዝምታ ተራ ዝምታ አይደለም። ያ ሁሉ ልጅ፣ ሳል እንኳ የማያቋርጥ ልጅ፣ ትንፋሹን ይዞ ከግድግዳው ማዶ ቆሟል። ለናኦሚ እየጸለዩላት እንደሆነ ገባኝ። ተነሥቼ ወደ አዳራሹ በር ሄድኩ። እጀታውን ያዝኩት፤ ይቀዘቅዛል። የአባቴ ደብዳቤ ትዝ አለኝ። እጄን መለስኩና ወደ ወንበሬ ተመልሼ፣ ባዶውን የናኦሚን ወንበር እያየሁ ዝምታው እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከትምህርት ቤቱ ሁሉ ያልጸለይኩላት እኔ ብቻ ነኝ ብዬ አሰብኩ።

ከትንሣኤ ዕረፍት ስንመለስ አስተማሪዬ ጠራችኝና በርከክ ብላ እጆቼን ያዘቻቸው። ናኦሚ ከእንግዲህ አትታመምም፤ ወደ ተሻለ ቦታ ሄዳለች አለችኝ።

"ትመለሳለች?"

"አትመለስም። ግን አንድ ቀን ሁላችንም ወደዚያው እንሄዳለን።"

ደስ አለኝ። ጸሎቱ ሠርቷል ማለት ነው። ቤት ቀይረው ነው የሄዱት። ሞተች ያለኝ ሰው የለም። ቤትም ስለሷ ማንም አላነሣም።

በዚያው በጋ አባቴ ፍራሽ ላይ አስቀመጠንና ለብዙ ጊዜ ሲጠበቅ የነበረው የአሜሪካ ወረቀት ማለቁን ነገረን። ሲያትል ያለው አጎቴ፣ የእናቴ ወንድም፣ ነበር ያስጨረሰው። እናቴ ፊቷን በሻሽዋ ሸፈነች። አባቴ ወደኔ ዞሮ፣ "አይዞሽ፣ ወደ ተሻለ ቦታ ነው የምንሄደው" አለኝ።

"ሁላችንም?"

"ሁላችንም።"

የሚቀጥለውን ነገር ልጅ የሆነ ሁሉ ይረዳዋል። ሲያትል የገባሁት ናኦሚን ለመፈለግ ነው።

ማውንት ቤከር የተከራየነው ከባቡር ጣቢያው ብዙም የማይርቅ ቤት ነበር፤ ባቡሩ ያኔ ገና አዲስ ነው። ትምህርት ቤቱ ቀይ ጡብ፣ ረጅም ኮሪደር፣ ከፍ ያለ ጣሪያ። የመጀመሪያው ጠዋት ልጆቹ ሁሉ ብድግ ብለው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉና ወደ ባንዲራው ዞረው አንድ ነገር ማነብነብ ጀመሩ። ጸሎቱ ይኸ ነው ብዬ ቀስ ብዬ ወጣሁና ኮሪደር ላይ ቆምኩ። አስተማሪዬ ሚስ ካሮል ተከትላኝ መጣች።

"የት እየሄድሽ ነው?"

"አባቴ ደብዳቤ ጽፏል" አልኳት።

ማታ አባቴ ይህን ሲሰማ ሳቀ፤ ብዙ የሚስቅ ሰው አልነበረም። "እሱ ለባንዲራው የሚገባ ቃል ነው። እዚህ አገር እንደዚያ የለም፣ ልጄ። በመንግሥት ትምህርት ቤት ጸሎት አይፈቀድም። አንድ አስተማሪ ተነሥቶ ልጆች ላስጸልይ ቢል ሕግ ይከለክለዋል።"

"ሲጸልዩ ቢያገኟቸውስ?"

የጫማውን ማሰሪያ እየፈታ፣ ቀና ሳይል፣ "ችግር ውስጥ ይገባሉ" አለኝ።

ሌሊቱን አስቤበት ጠዋት ላይ መልሱን አገኘሁት። የሚጸልዩት ልጆች ተደብቀዋል። ናኦሚም ከነሱ ጋር ናት። ለዚህ ነው እረፍት ሰዓት ላይ ግቢ ውስጥ የማላገኛት።

ጥቅምት ገባ፤ ዝናቡም አብሮ ገባ። አንድ ሰኞ ክፍል ስንገባ ያ ሽታ ነበር፤ የተቃጠለ አቧራ። ማሞቂያው ተከፍቷል። ቷ፣ ቷ፣ ቷ ይላል። ሂሳብ እየሠራን ሳለ ከማሞቂያው ውስጥ መዝሙር ሰማሁ።

ዝግ ያለ ነበር። ሩቅ ነበር። ቃል የለውም። ከፍ፣ ከፍ፣ ከፍ አለና ወረደ። ያው ነው። እጄ ውስጥ ያለው እርሳስ ተሰበረ። አጠገቤ ወደተቀመጠችው ልጅ ዞሬ፣ "ይሰማሻል?" አልኳት። ማሞቂያውን አየችና "ሙቀቱ ነው" አለችኝ።

በማግስቱም ሰማሁት፤ በዚያችው ሰዓት፣ እንግሊዝ አገር ልጆቹ ወደ አዳራሽ በሚገቡባት ሰዓት። ሽንት ቤት ልሂድ ብዬ አስፈቅጄ ወጣሁ። ቧንቧው ከክፍላችን ወጥቶ በኮሪደሩ ግድግዳ ላይ ይሄድና መጨረሻ ላይ አንድ ግራጫ በር አጠገብ ወለሉን በስቶ ይወርዳል። ጆሮዬን እዚያ ለጠፍኩ። አንድ ድምፅ አልነበረም። ብዙ ናቸው። ከነሱ መሃል ከንፈሯን ገጥማ የምታንጎራጉር አንዲት ልጅ ትሰማኛለች። ግድግዳውን በጣቴ አንኳኳሁ። መዝሙሩ ቀጥ አለ። ከታች ሆኖ ጆሮውን የለጠፈ ሰው ያለ መሰለኝና ወደ ክፍል ሮጥኩ።

ሁለት ሳምንት ያህል እንዲህ አደረግሁ። ለማንም አልተናገርኩም፤ ብናገር ይያዛሉ። ምግብ አስጠላኝ። እናቴ ግንባሬን እየዳሰሰች፣ "ይቺ ልጅ ምን ነክቷታል?" ትላለች፤ እኔ በእንግሊዝኛ "ደህና ነኝ" እላታለሁ።

ግራጫው በር ሁልጊዜ የተቆለፈ ነው። አንድ ሐሙስ ግን የውሃ ባልዲ ተደግፎበት ገርበብ ብሎ አገኘሁት። ደረጃው ወደ ታች ይወርዳል። ሙቀት ፊቴን መታኝ። እየወረድኩ ደረጃዎቹን እቆጥር ነበር፤ ስንት እንደነበሩ አሁን አላስታውስም። ከታች ያለው ክፍል ጣሪያው ዝቅ ያለ ነው፤ አንዲት ቢጫ አምፖል ትበራለች። በአንደኛው ግድግዳ በኩል የሕፃናት ወንበሮች እርስ በርሳቸው ተደራርበው ቆመዋል፤ አቧራ ለብሰዋል። ወንበሮቹን ሳይ አልተሳሳትኩም አልኩ። ልጆቹ እኔ ስመጣ ተነሥተው የሄዱ መሰለኝ።

መዝሙሩ ግን አልቆመም። ለማሞቂያዎቹ ውሃ ከሚያፈላው ትልቁ ቦይለር ጀርባ ይመጣል። ዞሬ ስሄድ አንድ ሽማግሌ ጀርባውን ሰጥቶኝ ቆሟል። ሰማያዊ የሥራ ልብስ ለብሷል፤ በጨርቅ የግፊት መለኪያውን መስታወት እየወለወለ ይዘምራል።

"ናኦሚ የታለች?" አልኩት በእንግሊዝኛ።

ጨርቁ ከእጁ ወደቀ። ዞሮ ለረጅም ጊዜ አየኝ፤ ፊቴን፣ ሻሼን። ከዚያ በአማርኛ፣ "በስመ አብ። አንቺ የማን ልጅ ነሽ?" አለኝ።

ጋሽ ሄራሞን ያወቅሁት እንደዚህ ነው። የሆሳዕና አካባቢ ሰው ነው፤ በትምህርት ቤቱ ጽዳቱንና ቦይለሩን ይይዛል። ሁሉንም ነገርኩት። ግድግዳውን፣ ደብዳቤውን፣ የተሻለ ቦታውን። አማርኛዬ ሲያልቅ በእንግሊዝኛ ቀጠልኩ። አላቋረጠኝም። ስጨርስ ከተደረደሩት አንዷን ወንበር አወረደ፣ በእጁ ጠረጋትና አስቀመጠኝ።

"እዚህ ያለሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጄ። ቋንቋው ሃዲይኛ ነው። ዜማውን ለአባቶቻችን ያስተማሯቸው ፈረንጆች ናቸው፤ ለዚያ ይሆናል ያወቅሽው።"

"ብዙ ናችሁ። ሰምቻለሁ።"

ወደ ቧንቧው አየ፤ ከዚያ ዓይኑን ከእሱ አነሣ። "ናኦሚ የት እንዳለች አባትሽ ነው የሚነግርሽ" አለኝ።

"ሁሉም ጸልየውላታል። እኔ ብቻ ነኝ የቀረሁት። ለዚህ ነው የማትወጣው።" አለቀስኩ። "አንተ ጸልይላት። እኔ እዚህ እቆማለሁ። እንደገባሁ ይቆጠርልኛል።"

"እዚህ አልችልም። ሥራ ቦታ ነው፤ አንቺም የሌላ ሰው ልጅ ነሽ።" ወደ ደረጃው ተመለከተ፣ ወደኔ ተመለከተ። ኮፍያውን አወለቀ። "ዓይንሽን ጨፍኚ አልልሽም፤ እሺ? እኔ ብቻ ነኝ የምጨፍነው።"

እኔም ጨፈንኩ። ያለው አጭር ነው፤ ልጅቷን አሳርፋት፣ ይቺንም የቀረችውን አሳርፋት አለ። ከዚያ ዝም አለ። ያ ዝምታ መጣ፤ ያው የአዳራሹ ዝምታ፣ ብዙ ሰው ትንፋሹን የያዘበት። ቦይለሩ እንኳ ማጉረምረሙን የተወ መሰለኝ። ከኋላዬ አንዷ ወንበር ቀጭ አለች። ዓይኔን ብገልጥ አያታለሁ ብዬ አሰብኩ፤ አልገለጥኩም።

የገለጥኩት የሚስ ካሮልን ድምፅ ስሰማ ነው። ደረጃው ላይ ቆማለች፤ ከሷ ጋር የጥበቃ ሰው አለ። እኔን ስትፈልግ ቆይታለች። ያገኘችው ከመሬት በታች ባለ ክፍል ውስጥ አንድ ሽማግሌና አንዲት ልጅ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው።

አባቴ ከኤርፖርት ሥራው ተጠርቶ መጣ። ጋሽ ሄራሞ ኮፍያውን በሁለት እጁ ይዞ ከርዕሰ መምህሯ ቢሮ ውጪ ቆሞ ነበር፤ እኔ ከኮሪደሩ ማዶ ወንበር ላይ ተቀምጫለሁ። አባቴ አጠገቡ ሲደርስ ቆመ።

"ምን አደረጉ ልጄን?" አለው። አንቱ ማለቱን ግን አልተወም።

"ምንም አላደረግኋትም፣ ወንድሜ። ጓደኛዋን ፍለጋ ነው የመጣችው። የሞተችውን" አለው ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

አባቴ ግድግዳውን ያዘ።

"ልጅህ ጓደኛዋ መሞቷን አታውቅም" አለው ጋሽ ሄራሞ። "እኔ ልነግራት አይገባኝም ብዬ ነው።"

አባቴ ወደኔ መጥቶ ኮሪደሩ ላይ፣ ሰው እያየው፣ ወለሉ ላይ ቁጭ አለ፤ ዓይኖቹ ከዓይኖቼ ትይዩ ሆኑ። "ከትምህርት ቤቱ ወረቀት መጥቶ ነበር" አለኝ። "ታውቃለች ብዬ ነው። አላለቀስሽም። ጠንካራ ናት ብዬ እንዲያውም ኮራሁ።" ከዚያ ነገረኝ። ሞተች የሚለውን ቃል በአማርኛ አለው፤ ደግሞ በእንግሊዝኛ ደገመው፤ በሁለቱም እንዳላመልጠው።

ቢሮ ስንገባ ርዕሰ መምህሯ ነገሩ ከባድ መሆኑን ተናገረች። የትምህርት ቤት ሠራተኛ ከተማሪ ጋር መጸለይ አይችልም፤ በተለይ የሌላ እምነት ልጅ። አባቴ ቅሬታ ቢያቀርብ መብቱ ነው አለችና ፎርሙን ወደሱ ገፋ አደረገችው። አባቴ ወረቀቱን አየው። እንግሊዝ አገር እንዳደረገው የሚቀደው መሰለኝ።

"እዚያ ደብዳቤ ጻፍኩ፤ መብቴ ነበር" አላት። "ሃይማኖቴን አልለወጥኩም፤ ዛሬም ቢሆን እጽፈዋለሁ። ግን ልጄ ብቻዋን ተቀምጣ አንድም ሰው ምን ሆንሽ አላላትም። እኔም። ይህ ሰውዬ ነው የጠየቃት። በእሱ ላይ አልፈርምም።"

አለመፈረሙ ጋሽ ሄራሞን ሙሉ በሙሉ አላዳነውም። የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጠው፤ ከፈረንጆቹ አዲስ ዓመት በኋላም ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛወረ። ግራጫው በር ሁለት ቁልፍ ተገጠመለት።

ማታ አባቴና እናቴ ኩሽና ውስጥ ሲነጋገሩ ቆዩ። እሑድ ስነቃ እናቴ ሶፋውን ወደ ግድግዳ አስጠግታ፣ ምንጣፍ ላይ ፍራሽ አንጥፋ፣ ነጠላዋን ዘቅዝቃ ለብሳ ተቀምጣለች።

"ማን ሞተ?" አልኳት።

"ናኦሚ ናታ። ለቅሶ ሳንቀመጥላት ቀረን እኮ።"

እነማን እንደሚመጡ እኔ አላውቅም ነበር። አጎቴ ከሲያትል አጠገብ ካለችው ከኬንት ከነቤተሰቡ መጣ። እንጀራ ከምንገዛበት ሱቅ ባለቤት ጀምሮ የሰፈሩ ሰው፣ ክርስቲያኑም እስላሙም፣ የውሃ ካርቶንና ድስት ተሸክሞ መጣ። ለቅሶ አለ ተብሎ ኮል ተደርጎላቸዋል፤ የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ጋሽ ሄራሞ ኮት ለብሶ መጣና በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አባቴ ተነሥቶ ከራሱ አጠገብ አስቀመጠው። የሰው ድምፅ ከፍ ሲል ጋሽ ሄራሞ ወደ አባቴ ዘንበል ብሎ የተናገረውን ሰማሁ፤ "ሰው እብድ ነው እንዳይለኝ ነው እንጂ፣ ስዘምር ይመልሱልኝ ነበር። የልጆች ድምፅ ነው። ቧንቧው ነው እያልኩ ስንት ዓመት ሠራሁ።" አባቴ ሻይ ቀዳለት።

ከመጡት ሴቶች መሃል አደይ ለተብርሃን የሚባሉ አሮጊት ነበሩ፤ አማርኛቸው ትግርኛ ትግርኛ ይላል። ዝም ብሎ መቀመጥ አላስቻላቸውም።

"ሟቿን ሳናውቅ እንዴት እናልቅስ?" አሉ። "ማነው የሚያውቃት?"

ሁሉም ወደኔ ዞረ። እናቴ በክርኗ ገፋ አደረገችኝ። ተነሣሁ። ናኦሚ እንደምትባል ነገርኳቸው። መዝሙር ሁሉ እንደምታውቅ፣ አንድም ቀን እንዳልዘመረች። እጇ ሁልጊዜ ሙቅ እንደነበረ። ብርቱካን ስትልጥ ልጣጩ እንዳይበጠስ አጥብቃ እንደምትጠነቀቅ። አደይ ለተብርሃን እያንዳንዱን ቃል እየተቀበሉ፣ በዜማ እየመለሱ፣ ደረታቸውን ይመታሉ፤ ሴቶቹም ተከተሏቸው። አይተዋት ለማያውቋት ልጅ በሲያትል ዝናብ ውስጥ አለቀሱላት። እኔም ገና ያን ቀን አለቀስኩላት።

"ቁመቷስ እንዴት ነው?" አሉኝ አሮጊቷ፣ ዕንባቸውን እየጠረጉ።

እጄን ከግንባሬ ትንሽ ከፍ አድርጌ ያዝኩት። "እዚህ ድረስ" አልኳቸው።

በሚያዝያ እናቴ የልብስ ልኬን ልትወስድ በሩ መቃን ላይ አቁማ ለካችኝ። ቁመቴ መጨመሩን ነገረችኝና እርሳሱን አስቀመጠች። እጄን በለቅሶው ቀን የናኦሚን ቁመት ባሳየሁበት ከፍታ መቃኑ ላይ አደረግሁት። ናኦሚን አልፌያት ነበር።